ከፊልም ወደ ፋይል፦ አሮጌ ካሜራ፣ ዲጂታል ቅጂ እና የዋግ ኽምራ ምስላዊ ማስረጃ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በፊልም የተነሣ ፎቶግራፍ ወደ ዲጂታል ፋይል ሲሻገር የማስረጃነት ዋጋው በምን እንደሚጠበቅና በምን እንደሚጠፋ፣ ሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋዎች መነሻ አድርጎ ያስረዳል። ትኩረቱ በአራት ነጥቦች ላይ ነው፦ የፊልም የእይታ ወሰን፣ በደጋ ብርሃን ውስጥ በአሮጌ ካሜራ የመሥራት ዘዴ፣ ኔጋቲቭን ወደ ፋይል የመለወጥ ሂደት፣ እንዲሁም የቀን፣ የስምና የቦታ አመዘጋገብ። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የዲጂታል ቅጂ ጥራት በፒክስል ብዛት ብቻ አይለካም የሚል ነው። የተነሣበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የካሜራው አቋምና በቅጂው ላይ የተደረገው ለውጥ ካልተመዘገበ፣ ፋይሉ ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን ምስክርነቱ ይላላል።

ቁልፍ ቃላት፦ ፊልም፣ ኔጋቲቭ፣ ዲጂታል ቅጂ፣ ሜታዳታ፣ ደግሞ ማንሣት፣ ዋግ ኽምራ

1. መግቢያ

በሰቆጣም ሆነ በሌሎች የሰሜን ኢትዮጵያ ከተሞች የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከመዝገብ ቤት ይልቅ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፍሬም ወይም በሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ፖስታ ነው። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የዘመቻና የምረቃ ፎቶግራፎች፣ ለመታወቂያ የተነሡ ጉርዶችም ጭምር፣ ዲጂታል ካሜራና ስልክ ከመለመዳቸው በፊት የተነሡ ከሆኑ ሁሉም ከፊልም የወጡ ናቸው። በባለቤቱ እጅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የታተመው ወረቀት ብቻ ነው። ኔጋቲቩ ፎቶ ቤት ከቀረ፣ የፎቶ ቤቱ መዘጋት የኔጋቲቩ መጥፋት ሊሆን ይችላል።

በሌላ በኩል፣ የውጭው ዓለም ስለዚህ የአገሪቱ ክፍል ያለው ምስል በጥቂት ክሥተቶች ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ያሰራጨው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ የዘገበው የቆረም ረሃብ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው። ቆረም ከሰቆጣ ጋር በመንገድ የምትገናኝ ከተማ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ በመጠለያው ከተሰበሰቡት መካከል ከዋግ የተሰደዱ ብዙዎች ነበሩ። በመሆኑም አካባቢው ራሱን የሚያስታውስባቸው ምስሎች በየቤቱ ተበታትነው ሲገኙ፣ ሌላው ዓለም አካባቢውን የሚያስታውስባቸው ደግሞ በውጭ መዛግብት ተደራጅተው፣ ቁጥርና መግለጫ ተሰጥቷቸው ይገኛሉ። ይህን አለመመጣጠን ለማቃለል በቤተሰብ እጅ ያሉትን ምስሎች ስካን ማድረግ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ስካን ማድረግ ብቻውን ማስረጃን አያተርፍም። የሚከተሉት ክፍሎች ምክንያቱን ያብራራሉ።

በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ያመለክታል። ይህ ማሳሰቢያ የአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ እንዳልሆነ በክፍል 5 ይታያል።

2. ፊልም የሚያየውና የማያየው

ፎቶግራፍን እንደ ማስረጃ የሚያነብ ተመራማሪ በቅድሚያ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ምስሉ ምን ያሳያል የሚለው ሳይሆን፣ ምስሉን የያዘው ቁስ ምን ማየት ይችል ነበር የሚለው ነው። ሦስት ምሳሌዎች ይህን ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የመቅደላ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከዙላ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌ ሐይቅ አልፎ የዋግንና የላስታን ደጋዎች አቋርጦ ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል የተመደቡ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ። ያነሧቸው ምስሎች ከሰሜን ኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ፎቶግራፎች ሁሉ ቀደምት ተደርገው ይቆጠራሉ። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው የኮሎድዮን ዘዴ በመስታወት ሰሌዳ ላይ የሚፈስ ኬሚካል ሲሆን፣ የሚሰማው ለሰማያዊና ለወይን ጠጅ ብርሃን ነው። ለአረንጓዴ እጅግ ደካማ፣ ለቀይ ደግሞ ዕውር ነው። ስለዚህ በእነዚህ ምስሎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ አረንጓዴ ቅጠልም ቀይ አፈርም ተቀራራቢ ጥቁረት ይዘው ይታያሉ። አንድ ተዳፋት ጠቁሮ ስለታየ በደን ተሸፍኖ ነበር ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ዛፉን ከአፈሩ መለየት የሚቻለው በቅርጹና በጥላው እንጂ በጥቁረቱ አይደለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ማይክሮፊልም ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲመሠረት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የባህል ሚኒስቴርና የአሜሪካዎቹ ቅዱስ ዮሐንስ እና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረውበታል። ሥራው ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። ከዝርዝር መግለጫቸውም ብዙው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድካም ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉት የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች ከጥቁሩ ጽሑፍ የሚለዩት በግራጫነታቸው መጠን ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ፈጽሞ አይለዩም። ፊልሙ ዛሬ በከፍተኛ ጥራት ስካን ቢደረግ ያ ቀይ ቀለም አይመለስም። ዲጂታል ቅጂ ፊልሙ የያዘውን ይገለብጣል እንጂ ፊልሙ ያልያዘውን አይፈጥርም።

ሦስተኛው በየቤቱ የሚገኘው የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባለቀለም ሕትመት ነው። የዚያ ዘመን ባለቀለም ወረቀት ከሦስት ማቅለሚያዎች የተሠራ ሲሆን፣ ማቅለሚያዎቹ በእኩል ፍጥነት አይደበዝዙም። በጨለማ የተቀመጠ ሕትመት ብዙ ጊዜ ውሃ ሰማያዊው ቀድሞ እየከሳበት ወደ ቀይ ያደላል። ብርሃን ያረፈበት ሕትመት ደግሞ ሌላ ዓይነት መደብዘዝ ይደርስበታል። በኮምፒውተር ቀለሙን «መመለስ» ይቻላል፤ የሚመለሰው ግን ሠሪው የገመተው ቀለም ነው። የአንድ የሠርግ ካባ ትክክለኛ ቀለም ለአልባሳት ታሪክ አጥኚ ማስረጃ ሊሆን ስለሚችል፣ ግምቱ ግምት መሆኑ ከፋይሉ ጋር መጻፍ አለበት።

3. አሮጌ ካሜራ በደጋ ብርሃን

አሮጌ የፊልም ካሜራን ለምርምር መጠቀም የናፍቆት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በሙሉ በመካኒክ የሚሠራ ካሜራ ያለ ኤሌክትሪክ ያነሣል፤ የሚያስገኘው ኔጋቲቭም ያለ ማሽን በዓይን የሚታይ ቁስ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ዋግ ኽምራ ለረጅም ጊዜ ኤሌክትሪክና የስልክ አገልግሎት ተቋርጦበት እንደነበር ለሚያስታውስ ይህ ቀላል ነጥብ አይደለም። በተጨማሪም የአሮጌ ፊልምን ባሕርይ በሙከራ የሚያውቅ ሰው በሌሎች እጅ የተነሡ የቆዩ ኔጋቲቮችን በተሻለ ሁኔታ ያነባል።

የመጀመሪያው ሙከራ ካሜራውን ራሱን መፈተሽ ነው። የቆየ መዝጊያ፣ በተለይ ቅባቱ የደረቀበት፣ ከተጻፈበት ፍጥነት ይዘገያል። የዘገምተኛ ፍጥነቶችን ትክክለኛነት የመዝጊያውን ድምፅ በስልክ ቀድቶ በድምፅ ሞገዱ ላይ የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ርቀት በመለካት ማወቅ ይቻላል። በጀርባው ክዳን ዙሪያ ያለው ስፖንጅ ከበሰበሰ ብርሃን ያስገባል። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብርሃን መለኪያዎች ደግሞ ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የተሠሩ ናቸው። ይህ ባትሪ ከገበያ ስለወጣ በምትኩ 1.5 ቮልት ሲገባ አንዳንዶቹ የተሳሳተ ንባብ ይሰጣሉ። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ የሙከራ ጥቅል ሳይረጋገጡ ወደ መስክ መውጣት ፊልምን ማባከን ነው።

ሁለተኛው የብርሃን ልኬት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በበጋ ቀትር ፀሐይ ያረፈበት ስፍራ እጅግ ሲበራ ጥላው በአንጻሩ ጥልቅ ነው። ለፈተና የሚመች ምሳሌ በጥምቀት ዕለት በቀትር የቆመ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ጠይም ሰው ነው። በዲጂታል ካሜራ ሲነሣ ከመጠን ያለፈ ብርሃን የገባበት የጋቢው ነጭ ዝርዝሩ እስከ መጨረሻው ይጠፋል። ስለዚህ አንሺው ለነጩ ለክቶ ፊቱን በኋላ በኮምፒውተር ያነሣዋል። ኔጋቲቭ ፊልም ግን በተቃራኒው ብርሃን ሲበዛበት ይታገሣል፤ ሲያንሰው ጥላው ባዶ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚለካው ለፊቱ ነው፤ ነጩ በኔጋቲቩ ላይ ጠቁሮም ቢሆን ዝርዝሩን ይዞ ይቆያል። በሁለቱም ካሜራዎች የሚሠራ ሰው አንዱን ልማድ ወደ ሌላው ሲያሻግር በተደጋጋሚ የሚሳሳተው በዚህ ነው።

ሦስተኛው የጨለማ ስፍራ ነው። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ የዋግ ሹማምንት አፅም ያረፈበት ስፍራ በመሆኑም ይታወቃል። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ በቅድሚያ የሚጠየቀው የካህናቱ ፈቃድ ነው። ፍላሽም አይመከርም፤ ጸሎትን ያውካል፣ የግድግዳውን የመጥረቢያ አሻራም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት ግን ፊልም የራሱ ጠባይ አለው፦ ብርሃኑ ሲያንስና ጊዜው ሲረዝም የፊልሙ ስሜት ይቀንሳል። ኢልፎርድ ለኤችፒ5 ፕላስ ፊልሙ ባወጣው ስሌት መሠረት፣ መለኪያው 10 ሴኮንድ ካለ ትክክለኛው 20 ሴኮንድ ያህል ነው፤ 30 ሴኮንድ ካለ ደግሞ ወደ 86 ሴኮንድ ይደርሳል። ይህን ሳያስተካክሉ የተነሡ የዋሻ ምስሎች ጥላቸው ባዶ ሆኖ ይወጣል። ያ ባዶነትም የቦታው ጨለማ ሳይሆን የአንሺው የስሌት ጉድለት ነው።

አራተኛው ፊልሙን ማጠብ ነው። ባለቀለም ፊልም ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተጠጋ ጥብቅ ሙቀት ስለሚፈልግ ለመስክ አይመችም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን በ20 ዲግሪ ገደማ ብርሃን በማያስገባ ታንክ ውስጥ ሊታጠብ ይችላል። ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት በዋግ ኽምራ የመጨረሻው እጥበት ራሱን የቻለ ችግር ይመስላል። ሆኖም ፊልሙን የማያጠነክር ፊክሰር ከተጠቀሙ ሦስት ሙሊት ውሃ ይበቃል፦ በመጀመሪያው 5 ጊዜ፣ በሁለተኛው 10 ጊዜ፣ በሦስተኛው 20 ጊዜ ታንኩን መገልበጥ። አንድ ጥቅል የሚይዝ ታንክ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚፈልግ የእጥበቱ ውሃ በጠቅላላው ከ1 ሊትር አይበልጥም። ያገለገለው ፊክሰር ብር ስላለበት ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ አይደፋም፤ በጀሪካን ተሰብስቦ ይመለሳል።

4. ከኔጋቲቭ ወደ ፋይል

ኔጋቲቭን ወደ ፋይል መለወጥ በሁለት መንገድ ይከናወናል፦ በስካነር ወይም ማክሮ ሌንስ በተገጠመለት ዲጂታል ካሜራ። ሁለተኛው ዘዴ ለመስክ ይቀላል። ኔጋቲቩ በብርሃን ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፣ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ይመለከታል፣ ምስሉም በጥሬ ፋይል ይነሣል። በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት የካሜራውና የፊልሙ ገጽ ትይዩ አለመሆን ነው። ለማረጋገጥ ኔጋቲቩ በሚያርፍበት ስፍራ ትንሽ መስታወት ማስቀመጥ ይበቃል። ሌንሱ የራሱን ምስል በትክክል መሃል ላይ ካየ ሁለቱ ትይዩ ናቸው።

የመጠኑ ስሌት ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። በኢንች 4,000 ነጥብ ስካን ሲደረግ 5,669 በ3,780 ፒክስል፣ ማለትም 21 ሚሊዮን ፒክስል ያህል ይወጣዋል። በሦስት የቀለም መስመር፣ እያንዳንዱ 16 ቢት ሆኖ ሳይጨመቅ ሲቀመጥ አንዱ ምስል 128 ሜጋባይት ገደማ፣ 36 ምስል ያለው ጥቅል ደግሞ ወደ 4.6 ጊጋባይት ይሆናል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህን አንድ ጥቅል ወደ ሌላ ከተማ ለመላክ ሳይቋረጥ ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በሰቆጣ ሁኔታ ምስሉን በበይነ መረብ መላክን መሠረት ያደረገ ዕቅድ አያዋጣም። ዋናው ፋይል በዲስክ ይጓዛል፤ በመስመር የሚላከው የተጨመቀው የማሳያ ቅጂና መዝገቡ ነው። ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ በአንድ መስመር ሲቀመጥ መጠኑ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ ይህም ሊታሰብበት ይገባል።

አቧራን በተመለከተ፣ ብዙ ስካነሮች በኢንፍራሬድ ጨረር አቧራና ጭረትን ለይተው የሚያጠፉበት ዘዴ አላቸው። ይህ ዘዴ ለተለመደ ባለቀለም ኔጋቲቭ ሲሠራ ለጥቁርና ነጭ ፊልም አይሠራም፤ በፊልሙ ውስጥ ያለው ብር ራሱ ጨረሩን ስለሚያግድ ማሽኑ ምስሉን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ስለሆነም አቧራው ከስካን በፊት በለስላሳ ብሩሽና በአየር መጥረግ ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ደረጃ ያላቸው ቅጂዎች ይዘጋጃሉ። አንደኛው ምንም ያልተነካ ዋና ቅጂ ነው፤ የፊልሙ ጠርዝ፣ የጥቅሉ ቁጥርና ቀዳዳዎቹ ጭምር ይታዩበታል። ሁለተኛው ተገልብጦ ብርሃኑ የተስተካከለ የሥራ ቅጂ ነው። ሦስተኛው ለእይታ የተጨመቀ ነው። ጠርዙን መቁረጥ ቦታ ለመቆጠብ ያህል ቀላል ቢመስልም፣ በጠርዙ ላይ የታተመው የፊልም ዓይነትና የምስል ተራ ቁጥር ምስሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተነሡ የሚናገር ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

መግለጫ ከምስሉ ጋር መቆየቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአውሮፕላን የተነሡት ፎቶግራፎች ያሳያሉ። እነዚህ ምስሎች በ8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ላይ ተለጥፈው በአዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ከቆዩ በኋላ በተመራማሪዎች ጥረት ስካን ተደርገዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥታ ወደ ታች የተነሣ፣ በግራና በቀኙ ሁለት በጥቂቱ የዘመሙ፣ እንዲሁም አንድ በብዙ የዘመመ ፎቶግራፍ ይገኛል፤ ከእነዚህም ጋር የጽሑፍ መለያ አለ። አራቱ ምስሎች በአንድ ቅጽበት መነሣታቸውና የሰሌዳው ሥርዓት ሳይፈርስ መቆየቱ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በኋላ ምስሎቹን በካርታ ላይ መልሶ ለማሳረፍ አስችሏል። ምስሎቹ ከሰሌዳው ተነቅለው ለየብቻ ቢቀመጡ ኖሮ ይህ ሥራ እጅግ ይከብድ ነበር።

5. ቀንና ስም

በኢትዮጵያ የፎቶግራፍ መዝገብ ውስጥ ከፍተኛውን ጉዳት የሚያደርሰው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። የዲጂታል ፋይል ሜታዳታ ቀንን የሚመዘግበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በቤተሰብ ፎቶግራፍ ጀርባ የሚጻፈው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በጀርባው «ጥር 11 ቀን 1966» የሚል ሕትመት የተነሣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1974 ነው። መዝጋቢው «1966»ን እንዳለ ወደ ሜታዳታው ቢያስገባ ምስሉ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይጎተታል።

በወሎና በዋግ ታሪክ ውስጥ ይህ የስምንት ዓመት ልዩነት ተራ ስሕተት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1965–66 በወሎ ረሃብ ነበር፤ በ1973–74 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት እስከ መጣል የደረሰው ታላቁ ረሃብ ተከስቷል። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 በእንግሊዝ ከታየ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ለኢትዮጵያ ተመልካች መቅረቡ ምስል በዚያ ዘመን የነበረውን ኃይል ያሳያል። በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ «1966» ተብሎ የተመዘገበ፣ የከሱ ከብቶችን የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍ ከሁለቱ ረሃቦች የትኛውን እንደሚያስረዳ አይታወቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በጀርባው ያለው ጽሑፍ ፊደል በፊደል እንዳለ በአንድ መስክ ይገለበጣል፤ የተቀየረው ቀን በሌላ መስክ ይገባል፤ ቀያሪውና ምክንያቱ በሦስተኛው ይገለጻል። የጀርባው ገጽም እንደ ፊቱ ስካን ይደረጋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ባለታሪኩ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ያለው በካሜራው ሰዓት 9 ሰዓት መሆኑ ሳይስተዋል ሲቀር፣ ከጥላ አቅጣጫ የሚሰላ ነገር ሁሉ ይዛባል።

ስምም የራሱ ችግር አለው። «ዋግ ኽምራ»፣ «ዋግ ሕምራ»፣ «ዋግህምራ» ተብሎ የተጻፈውን ኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ስፍራዎች አድርጎ ይቆጥረዋል። ሰቆጣን በ«ሠ» የጻፈ መዝጋቢ በ«ሰ» ከሚፈልግ አንባቢ ጋር አይገናኝም። ከዚህም ሌላ፣ በኽምጣና ቋንቋ የሚጠሩ የወንዝ፣ የኮረብታና የመንደር ስሞች በአማርኛ መዝጋቢ ጆሮ ተለውጠው ሊጻፉ ይችላሉ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ መግለጫን በራስ ፊደል መጻፍ ቴክኒካዊ እንቅፋት የለበትም። የሚያስፈልገው አንድ የጸና የስም ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ልዩ ልዩ አጻጻፎችን በተለዋጭነት ማስገባት፣ የኽምጣና ስሞችንም ተናጋሪዎቹ በሚጠሩበት መንገድ መመዝገብ ነው። ለፋይል መጠሪያ ግን ቁጥር ብቻ መጠቀም ይመረጣል። የቆዩ ፕሮግራሞች በግእዝ ፊደል የተሰየመን ፋይል መክፈት ሊሳናቸው ስለሚችል፣ ስሙ በሜታዳታው ውስጥ ይቀመጥ።

6. ያንኑ ቦታ ደግሞ ማንሣት

አሮጌ ፎቶግራፍን ለሳይንሳዊ ጥያቄ ከሚያውሉ ዘዴዎች አንዱ ምስሉ የተነሣበትን ትክክለኛ ነጥብ ፈልጎ ዛሬ ደግሞ ማንሣት ነው። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በመቅደላ ዘመቻ ከተነሡት 13 የመልክዓ ምድር ምስሎችን በ2008 ደግመው በማንሣት አነጻጽረዋል። ውጤቱ ብዙዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነበር። የሕዝብ ጥግግት ወደ አሥር እጥፍ ቢያድግም፣ በ140 ዓመት ውስጥ የዕፅዋት ሽፋኑ በአመዛኙ ተሻሽሎ ተገኝቷል። የባሕር ዛፍ መስፋፋት፣ የአገር በቀል ቁጥቋጦዎች ማገገም፣ በማሳ ላይ የተሠራው የአፈርና ውሃ ጥበቃ በምስሎቹ ላይ ይታያሉ። የሰሜኑ ደጋ ጥንት ደን የለበሰ፣ ዛሬ የተራቆተ ነው የሚለው የተለመደ አባባል በነዚያ ስፍራዎች አልጸናም።

የዘዴው ምሥጢር በአንድ መርህ ላይ ያርፋል። የቅርብና የሩቅ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ የሚያርፉበት ሁኔታ የሚወሰነው ካሜራው በቆመበት ነጥብ ብቻ ነው፤ የሌንሱ ዓይነት የምስሉን ስፋት እንጂ ይህን ግንኙነት አይለውጠውም። ስለዚህ ተመራማሪው በአሮጌው ምስል ላይ በቅርብ ያለ የቋጥኝ ጫፍ ከሩቁ የአምባ ጠርዝ ጋር የሚገናኝበትን ስፍራ ይመርጣል። ከዚያም በመስክ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ ሁለቱ እንደ ቀድሞው የሚገጥሙበትን ነጥብ ያገኛል። ዛፍና ቤት ስለሚለወጡ መለኪያ አይሆኑም፤ ቋጥኝና የተራራ መስመር ይመረጣሉ። ወቅቱም አንድ መሆን አለበት። በመስከረም የተነሣን ተራራ በሚያዝያ ከተነሣ ጋር ማነጻጸር የክረምትን ልምላሜ የዘመን ለውጥ አድርጎ መቁጠር ነው።

ለዋግ ኽምራ ይህ ዘዴ ልዩ ጠቀሜታ አለው። በአካባቢው ተዳፋቶች እየተከለሉ ከልቅ ግጦሽ ይጠበቃሉ፤ እርከንም በየዓመቱ ይሠራል። የዚህን ሥራ ውጤት ከሪፖርት ባሻገር በዓይን ማሳየት የሚቻለው አንድ ቋሚ ነጥብ ተመርጦ፣ መጋጠሚያው ተመዝግቦ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ሲነሣ ነው። በቤተሰብ ፎቶግራፍ ጀርባ በአጋጣሚ የገባ የተራራ ገጽታም የአርባ ዓመት መነሻ ሊሆን ይችላል። ሰው ለማንሣት የተነሣ ምስል ሳያስበው ተራራውንም መዝግቧልና።

7. ጥበቃና ባለቤትነት

ከየትኛውም ስካን በኋላ ኔጋቲቩ አይጣልም። ፊልሙ በሚቀጥለው ትውልድ የተሻለ ስካነር ደግሞ ሊነበብ ይችላል፤ ፋይሉ ግን የዛሬው ንባብ ብቻ ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሸመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ጠብቀው በማቆየታቸው የሁለት መንግሥታት ዘመን ምስሎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ሎንዶን ውስጥ ለሕዝብ ሊቀርቡ ችለዋል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በተሰኘው ሥራ ደግሞ የቤተሰብ አልበሞች ተሰብስበው በመጽሐፍ ሲታተሙ፣ በቤት የነበረ ፎቶግራፍ የከተማ ታሪክ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል።

ፋይሉም የራሱ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ የሚለው የታወቀ መመሪያ በጦርነት ላለፈ አካባቢ ተራ ምክር አይደለም። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ጽሕፈት ቤት ከተቀመጡ በአንድ ቀን ሊጠፉ ይችላሉና፣ አንዱ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ አለበት። ለእያንዳንዱ ፋይል ደግሞ በፕሮግራም የሚሰላ የአሻራ ቁጥር ይመዘገባል፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ፋይሉ መነካቱ ወይም መበላሸቱ ይታወቃል።

በመጨረሻ፣ ምስሉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከቴክኒኩ ሊነጠል አይገባም። በረሃብ ዘመን የተነሡ የዋግ ሰዎች አብዛኞቹ ስማቸው አልተጻፈም፤ ፈቃዳቸውም አልተጠየቀም። ዛሬ ከአንድ ቤት ፎቶግራፍ የሚዋስ ተመራማሪ ይህን ታሪክ ሊደግመው አይገባም። በምስሉ ያሉት ሰዎች ስም ባለቤቱ በሚሰጠው መልክ ይመዘገባል፤ ለሕዝብ እንዳይቀርብ የተባለው አይቀርብም፤ ዋናው ሕትመት በተዋሰበት ሳምንት ይመለሳል፤ ከእርሱም ጋር አዲስ የታተመ ቅጂ ይሰጣል። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ስፍራ ለአረጋዊት እናት የሚጠቅመው በፍላሽ ዲስክ የተሰጠ ፋይል ሳይሆን በእጅ የሚያዝ ወረቀት ነው።

8. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የፊልምና የዲጂታል ንጽጽር «የትኛው ይሻላል» በሚል ጥያቄ አይቋጭም። ፊልም ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ዘመንም ይሻገራል፤ ነገር ግን የሚያየው የተወሰነ ነው። ዲጂታል ፋይል በቀላሉ ይባዛል፣ ይፈለጋል፣ ይነጻጸራል፤ ነገር ግን ያለ መዝገብ ከምንጩ ይቆረጣል። የኮሎድዮኑ ጥቁር ተዳፋት፣ የማይክሮፊልሙ የጠፋ ቀይ ቀለምና በስምንት ዓመት የተሳሳተው «1966» የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፦ ምስሉን ማስረጃ የሚያደርገው አብሮት የሚጓዘው መግለጫ ነው።

በዋግ ኽምራ ሥራውን ለሚጀምር የድኅረ ምረቃ ተማሪ መነሻው ውድ መሣሪያ አይደለም። አንድ የተፈተሸ ካሜራ፣ አንድ የብርሃን ሰሌዳ፣ ሁለት ዲስክና በጥንቃቄ የተመራ አንድ ደብተር ይበቃሉ። ከእነዚህ መካከል ቀድሞ መከፈት ያለበት ደብተሩ ነው፤ ምክንያቱም የፎቶግራፉን ጀርባ አንብበው ሰዎቹን በስም የሚጠሩት አረጋውያን ዛሬ አሉ፣ ስካነር ግን ነገም ይገኛል።